የሙሴው ጽዋና የሊቀመንበሩ ቀለም

ቫሌታ፣ ጥር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለጋሻዬ ታፈረ፣
ላስታ፣ ነአኩቶ ለአብ አጥቢያ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ከብቶችህ እንደምን አሉ? እኔ ጤናዬን ሳይነፍገኝ እዚህ ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤው ባንተ ስም ይምጣ እንጂ የጻፍሁት ለእናቴ ለወለተ ሩፋኤል ነው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ፖስታም በአገራችን የሚደርሰው በገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር፣ ባንተው እጅ ነው፤ ስለዚህ ሳልወድ ባንተ በኩል ላልፍ ነው። ሳልወድ ያልሁት እንድትቀየም ብዬ አይደለም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው።

እንዲህ ብለህ አንብብላት። በ1970 ከአሰብ በግሪክ መርከብ ወጥቼ፣ መንገድ ላይ ታምሜ ያወረዱኝ ደሴት ላይ እስካሁን አለሁ። ማልታ ትባላለች። መሪጌታ ገብረ መስቀል ያውቋታል፤ በሐዋርያት ሥራ መላጥያ የተባለችው፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከብ ተሰብሮበት የወጣባትና እፉኝት እጁ ላይ የተንጠለጠለችበት ደሴት ናት። ሥራዬ የመርከብ ዝገት መፋቅ ነው። አገሯ ትንሽ ናት፤ ጠዋት ከአንዱ ጫፍ የተነሣ እግረኛ ሳይመሽ ሌላው ጫፍ ይደርሳል።

እኛ ንጉሡን ባወረድንበት ዓመት እነሱም የእንግሊዝን ንግሥት ከራሳቸው ላይ አውርደው ሪፐብሊክ ሆኑ። ፕሬዚዳንት አላቸው፤ ምክር ቤቱ ይመርጠዋል። እናቴ እንዲገባት፣ በጽዋ ማህበራችን ላይ እንደሚቀመጡት የንስሐ አባት ነው በላት፤ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ይመርቃል፣ ድግሱን ግን አያዝም። የሚያዘው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ማህበሩ ሙሴ ነው። ምክር ቤቱ ስድሳ አምስት ሰው ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠው እስከ ደገፈው ድረስ ብቻ በወንበሩ ይቆያል። ታኅሣሥ ሦስት፣ በነአኩቶ ለአብ ወርኃዊ ዕለት፣ ምርጫ ነበር። ሰዉ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከሁሉ አብልጦ ከሚፈልገው ሰው ስም ፊት አንድ ብሎ ይጽፋል፤ እሱ ካልሆነ ከሚተካው ፊት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። የቤት አከራዬ ባልቴት ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልወደውም ብላ በአደባባይ ትናገራለች፤ በማግሥቱም ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ አያታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የአባቴን የላይኛውን ማሳ ገበሬ ማህበሩ ወስዶ ላንተው እንደ ደለደለልህ ሰምቻለሁ። ለእናቴ መልስላት። ሊቀመንበር ሆኖ ለራስ መደልደል እዚህ አገር ቢሆን በማግሥቱ ከወንበር ያስነሣ ነበር።

መልስህን የሚጠብቅ፣
ደሞዝ


ነአኩቶ ለአብ፣ ግንቦት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ኢትዮጵያ ትቅደም።

ለደሞዝ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን አለህ። እኛ፣ ላስታን ያልተዋት ቸሩ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ደብዳቤህ አፉ ተከፍቶ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ደረሰኝ። ከመድረሱም በፊት ወረዳ ተጠርቼ፣ ሙሴ የሚባለው የድርጅት ስም ነው ወይስ የሰው የምስጢር ስም ተብዬ ግማሽ ቀን ቆሜ ውያለሁ። የጽዋ ማህበር አለቃ ነው ብል፣ ታዲያ የጽዋ ማህበር ከእንግሊዝ ንግሥት ጋር ምን አገናኘው አሉኝ። አንተ እዚያ ዝገትህን ትፍቃለህ፤ እዚህ የሚፋቀው የኔ ቆዳ ነው።

ለአክስቴ ሰላምታህን አንብቤላቸዋለሁ። ወረቀቱ ሙሉ መሆኑን አይተው ነበርና «ይኸው ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ይኸው ነው አልኋቸው። የቀረውን አላነበብሁም፤ እንዲህ እስከ ጻፍህ ድረስም አላነብም። እሳቸው የሰሙትን በወንዝ ዳር፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁሉ የሚያወሩ ሰው ናቸው፤ እናትህን ረስተሃቸው ካልሆነ ታውቃለህ።

ስለ ማሳው፣ መሬት የሕዝብ ነው። የማርሰው እኔ ነኝ፣ አዎ። አንተ ባሕር ተሻግረህ ስትሄድ ማን እንዲያርሰው ነበር የፈለግኸው? ጳውሎስ?

ደግሞ ያን ሁሉ ድግስ ተርከህ፣ ምርጫውን ማን እንዳሸነፈ አልጻፍህም። ነገር ቢኖርበት ነው።

አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት።
ጋሻዬ ታፈረ፣
የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር


ቫሌታ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሻዬ፣

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልህ፤ ምሕረት ያስፈልግሃልና።

እናት ልጇ የጻፈላትን እንዳትሰማ ያደረግህ በማን ፈቃድ ነው? እኔ ለእናቴ የላክሁትን እህል ከአቁማዳው ዘግነህ ብትወስድ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ማን አሸነፈ አልህ፤ አልደብቅህም። ብዙ ድምፅ ያገኘው ወገን ጥቂት ወንበር አገኘ፤ በድምፅ ያነሰው ሠላሳ አራት ወንበር ይዞ አገር ይገዛል። አገሩን ከፋፍለው በየክፍሉ ስለሚቆጥሩ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። የተበደልን ያሉት ሠላሳ አንዱ አኩርፈው ምክር ቤት አንገባም ብለዋል፤ ግማሹ ወንበር ባዶውን ነው የሚውለው። ሳቅ፣ ፈቅጄልሃለሁ። ነገር ግን ያኮረፉት ሰዎች ቤታቸው ያድራሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከራሱ ወገን ጥቂት ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩበት ቀን፣ ወታደር ሳይጠራ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ያውቃል።

ይህ ላንተ አዲስ ነገር አይደለም። በኛ ማህበር ሙሴ የሚወርደው እንዴት ነው? ማንም አይሰድበውም። ጽዋውን ሲዘረጋ የሚቀበለው ሰው ይጠፋል። እሱም ይገባውና ጽዋውን አስቀምጦ ይወጣል። አጎቴ ታፈረ፣ የገዛ አባትህ፣ የማህበሩን ጠላ በውኃ አበዛህ ተብሎ እንዲያ ወርዶ አልነበር? ሁለታችንም በር ላይ ቆመን አይተናል። አንተ ግን ከሱ የባሰህ ነህ፤ ጽዋውን በሁለት እጅህ ጨብጠህ ይዘሃል።

ለእናቴ ባንተ በኩል ከእንግዲህ አልጽፍም። ይህንኑ ደብዳቤ ለመሪጌታ ገብረ መስቀል ገልብጬ ልኬአለሁ። መርከበኛ ወዳጄ አሰብ ያደርሰዋል፤ ከዚያ የጋሸናው ሹፌር አባስ ይቀበለዋል። መሪጌታም በኅዳር ሦስት፣ በንግሡ ዕለት፣ ማህበሩ በተሰበሰበበት እንዲያነቡት ለምኛቸዋለሁ። እናቴም፣ አገሩም፣ አንተም አብራችሁ ትሰማላችሁ።

ደሞዝ


ነአኩቶ ለአብ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለደሞዝ፣

እንደምን ነህ አልልህም፤ ለሌላው ሕመም የምትተርፍ ጤነኛ መሆንህን አውቄአለሁ።

የፈለግኸው ሆኗልና ልንገርህ። መሪጌታ ደብዳቤህን በንግሡ ዕለት አነበቡት። ሰዉ በባዶዎቹ ወንበሮች ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የአባቴ ነገር ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጠላዬን ሳልጨርስ አስቀመጥሁት።

በጥር ለመንግሥት የሚገባው የእህል ኮታ መጣ። ዝናቡ እንዴት እንደ ነበር ለአንተ ምን ይነገርሃል፤ ገብሱ ገለባ ነበር። ወረዳ ሦስት ጊዜ ወርጄ፣ ተለማምጬ፣ ተሰድቤም፣ በግማሽ አስቀነስሁት። ከዚያ ሰዉን ከወይራው ሥር ሰብስቤ ቃለ ጉባኤውን አነበብሁ። የቀረው አሻራ ማኖር ብቻ ነው። እንደ ልማዱ የጣት ቀለሙን ከፍቼ በቅድሚያ ለመሪጌታ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ከጋቢው ሥር አላወጡም። አጠገባቸው ላለው ዘረጋሁ፤ እሱም እንደዚያው። ለሦስተኛው፣ ለአራተኛው። የሰደበኝ ሰው የለም። የቀለሙን ክዳን እንደ ያዝሁ ቆምሁ።

ሁለት ሚሊሻ ከኋላዬ ነበሩ። ያዟቸው ብል ይይዟቸው ነበር። ነገር ግን እኔም የዚያው ማህበር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጽዋውን አስቀምጦ የወጣበት እርምጃ ታየኝ። ቀለሙን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እነሱም መሪጌታን መረጡ። በማግሥቱ ወረዳው መሪጌታን ወልዲያ ወስዶ አሰረ፤ ሥራው አድማ ተባለ። ከኩልመስክ ዓለምእሸት የሚባል ካድሬ ሊቀመንበር ሆኖ መጣልን። የያኔውን ኮታ ሙሉውን አስገባ፤ ቀለሙን ሲዘረጋ የማይቀበለው የለም።

ደሞዝ፣ ያንተ ስድሳ አምስት ሰዎች አንዱን ሲያወርዱ ሌላውን የሚያስቀምጡትም እነሱው ናቸው። ለአገሬው ስለ ማውረዱ ብቻ ጻፍህለት። የሚሾመው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ነው የኛን ሰው ከወይራው ሥር ያስነሣኸው።

የላይኛው ማሳ ከእኔ ተነሥቷል። ደስ ይበልህ።

ጋሻዬ


ቫሌታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጋሻዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ መሪጌታ መታሰር አዝኛለሁ፤ በየቀኑ በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ። ስለ አንተ መውረድ ግን ደስ ብሎኛል፤ ለዘመድ ብዬ አልዋሽም። ሚሊሻውን አለመጥራትህን ሳነብ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ግን፣ ሰው አንድ ቀን ደግ ቢሠራ ስንት ዓመት የሠራው ይሰረዝለታል ወይ ብዬ ተውሁት።

የሚሾመው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አልኸኝ። አንተንስ የሾመህ ማን ነበር? ያኔ ያልታየህ አሁን ከወንበር ስትወርድ ታየህ። እዚህ ያኮረፉት ሠላሳ አንዱ በመጋቢት ተመልሰው ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሕጉ ይስተካከል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይግዛ እያሉ ይከራከራሉ። ነገሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ተቀምጠው ነው የሚከራከሩት።

አንተ ከሥልጣን ስለ ወረድህ ልመናዬን ላንተ ማቅረብ ትቻለሁ። ለአዲሱ ሊቀመንበር ለዓለምእሸት በቀጥታ በስሜ ጽፌአለሁ። ማሳው የአባቴና የአያቴ ርስት እንደሆነ፣ ድንበሩንም ከግራሩ እስከ ምንጩ ድረስ ዘርዝሬ፣ ለእናቴ ለወለተ ሩፋኤል እንዲመለስላት ጠይቄአለሁ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ይፈርድልኛል።

ደሞዝ


ቫሌታ፣ ጥር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሻዬ፣

ከዓመት በላይ ቃል አጣሁ። ሁለት ደብዳቤ ልኬ ነበር። ዓለምእሸትም አልመለሰልኝም። እዚህ በቴሌቪዥን ቆሬም ታየች፤ ምድር ላይ የተኛው ሰው ሁሉ እናቴ እየመሰለኝ አከራዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋችብኝ።

ጠላኝ፤ መብትህ ነው። ማሳውን ተወው። እኔ ስለ እናቴ ብቻ ነው የምጠይቅህ። በሕይወት ካለች አንድ ቃል ላክ። ከሌለችም ላክ።

ደሞዝ


መተከል፣ ጳዌ፣ ጥር 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለደሞዝ፣

አስቀድሜ የምትፈልገውን ልንገርህ፤ እናትህ በሕይወት አሉ። እኔ ጋር ናቸው። አሁን ቁጭ ብለህ የቀረውን አንብብ።

ይህን ደብዳቤ እዚህ መንገድ የሚሠራ አንድ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲሄድ ይዞልኝ ይወጣል። ማንም አይከፍተውም። ስለዚህ መፈክር የለበትም፣ ውሸትም የለበትም።

በመጀመሪያ ማሳው። አንተ የጠፋህ ጊዜ ወረዳው ማሳው ከእናትህ እጅ ወጥቶ ለሌላ ይደልደል አለ። በኔ ስም አዞርሁት። ዘር የዘራሁት፣ ያጨድሁትም እኔ ነኝ። ግማሹን እኔ በልቼዋለሁ፤ ጻድቅ ነኝ አልልህም። ግማሹ በእናትህ ጎታ ይገባ ነበር። ለማንም እንዳይናገሩ አስምዬአቸው ነበር፤ ያን አንድ ነገር ብቻ ነው በሕይወታቸው ሳያወሩ የቀሩት። አንተ ደግሞ የአባቴ ርስት፣ የአያቴ ርስት፣ ከግራሩ እስከ ምንጩ እያልህ ለካድሬ ጻፍህ። ርስት የሚለውን ቃል ለዚያ ሰው መጻፍ ቤትህን በገዛ እጅህ ማቃጠል መሆኑን የማያውቅ ሰው ላስታ ውስጥ ያንተን ያህል አልተወለደም።

ረሀቡ በ1977 በረታ። የላይኛው ማሳ እህል የገባው ለዓለምእሸት ሰዎች ስለ ነበር የእናትህ ጎታ ባዶ ነበር። በታኅሣሥ የሰፈራ ኮታ መጣ፤ ይህን ያህል አባወራ ይነሣ ተባለ። ዓለምእሸት ከወይራው ሥር ሰበሰበንና ደብዳቤህን ከኪሱ አወጣ። ድንበሩን ሳይቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ፣ «ይቺ ሴት ልጇ ከማልታ ድረስ ርስት ጠይቆላታል። እኛም እንሰጣታለን፤ መተከል» አለ።

ትሂድ የሚል ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ቀለሙን ዘረጋ። በኔ ጊዜ እጃቸውን ከጋቢ ሥር ያላወጡት ሁሉ አወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸው ተርበዋል፣ መሪጌታም ከወልዲያ እስር ቤት ዓይናቸው ጠፍቶ የተመለሱበት ወር ነበር። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ምን እንደሚደረግ አልገባቸውም ነበር፤ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጣት ሲያዩ፣ ማህበር የገቡ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ።

ቀለሙ እኔ ጋ ደረሰ። በሳቸው ላይ አላኖርሁም። በፈቃዱ የሚሰፍር አለ ወይ ብሎ ነበርና፣ ስሜን መጻፍ እየቻልሁ አውራ ጣቴን ነክሬ በፈቃደኞቹ ወረቀት ላይ የራሴን አኖርሁ። ዓለምእሸት ሳቀብኝ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም፤ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ቀረች። እስከ ዛሬ ቃል አልላከችልኝም።

ከጋሸና ያወጣን መኪና የአባስ ነበር፤ መንግሥት ይዞበት። አክስቴን ከፊት አስቀመጣቸው። ባሕር ዳር ሲያወርደን፣ «ወላሂ፣ ያን ደብዳቤ ከአሰብ ያመጣሁ ቀን ጎማው በፈነዳ» ብሎ አለቀሰ። በጥር የጻፍኸውን ደብዳቤ ዓምና ሌሎች ሰፋሪዎች ሲያመጣ በአንዱ እጅ አስይዞ የላከልኝም አባስ ነው። ይህን ያህል ቆይቶ የተመለሰልህ የሚያወጣልኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

እዚህ ቆላ ነው። መንደሩ ስም የለውም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። አክስቴን ወባ ሁለት ጊዜ ጥሏቸው ነበር፤ ተነሥተዋል፣ እግራቸው ግን አይታዘዝላቸውም። ከላስታ ከመጡ ሴቶች ጋር ወር በገባ በሦስት የነአኩቶ ለአብን ጽዋ በጣሳ ያዞራሉ። እኔን ሙሴ አድርገውኛል። የሚቀበለኝ እስካሁን አልጠፋም።

ዓምና ደብዳቤህ ሲደርስ ይዤ የመጣኋቸውን የድሮዎቹንም ከኮቴ የደረት ኪስ አወጣሁና ሁሉንም አነበብሁላቸው፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ጳውሎስን፣ ንግሥቲቱን፣ ባልቴቷን፣ እኔን የሰደብህበትንም። ያቺን «ይኸው ነው?» የሚሏትን ነገር አላሉም። የምርጫው ወረቀት ጋ ስደርስ አስቆሙኝና ድገመው አሉኝ። ደገምሁት፤ ከሁሉ አብልጦ ከሚፈልጉት ፊት አንድ፣ እሱ ካልሆነ ከሚተካው ፊት ሁለት።

«እንዲህ ከሆነ የኔ አንድ ደሞዝ ነው። የኔ ሁለት አንተ ነህ» አሉኝ።

ከባሕር ዳር ወዲህ መኪና ባልገባበት ሁሉ በጀርባዬ አዝያቸዋለሁ። ሚስቴንና ልጆቼን ትቻለሁ። ውኃ የምቀዳላቸው፣ ኪኒን የማውጣቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ነኝ። ይህንን ለደሞዝ ጻፍለት ብለው አዘውኛልና ጽፌልሃለሁ፤ በኔ ቢሆን ደብቄው በቀረሁ።

ይቅር አላልሁህም፣ እንድልህም አትጠብቅ። ለኔ አትጻፍ። ለእሳቸው ግን ቶሎ ጻፍ፣ ረጅም አድርገህ ጻፍ። አንድም ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ፤ ስድቡንም ጭምር።

ጋሻዬ ታፈረ